በምን አወቅህ?

ለንደን ውስጥ በአንድ የአካባቢ ምክር ቤት የኅብረተሰብ ጤና ክፍል ሥራ የጀመርኩ ሰሞን፣ ከባልደረቦቼ ስም ይልቅ ቶሎ ያጠናሁት ከስማቸው ቀጥሎ የሚጽፉትን ፊደል ነው። በኢሜይላቸው ግርጌ አንዷ «ዲ.ኤፍ.ፒ.ኤች.»፣ ሌላው «ኤም.ኤፍ.ፒ.ኤች.» ይላሉ፤ የክፍሉ ኃላፊ ደግሞ «ኤፍ.ኤፍ.ፒ.ኤች.» ናት። የመጀመሪያው የብሪታንያ የኅብረተሰብ ጤና ፋኩልቲን የጽሑፍ ፈተና ያለፈ፣ ሁለተኛው የፋኩልቲው አባል፣ ሦስተኛው ፌሎው ማለት መሆኑን እየቆየሁ ተረዳሁ። እኔ ስሜን እጽፍና በዚያው አበቃለሁ።

መቼም የሕይወት ተሞክሮ እጽፋለሁ ብዬ ተቀምጬ መሸፋፈን አይሆንልኝም፤ የፈለግሁት ፊደሎቹን ነበር። የሙያ ማኅበር ምን ይሠራል፣ ከአባሉ ምን ይጠብቃል የሚለው አላሳሰበኝም። ያስቀናኝ ሌላ ነገር ነው። እኔ ጎንደር የተማርኩ ጤና መኮንን ነኝ። አገር ቤት ይህን ሲናገሩ የሚደናገር ሰው የለም። ለንደን ግን «ሐኪም ነህ?» ይሉኛል፤ አይደለሁም። «ነርስ ነህ?» አይደለሁም። «ታዲያ ምንድን ነህ?» ሲሉኝ ታሪክ መተረክ ልጀምር ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1953 በደንቢያ ሜዳ ወባ ተነሥቶ በሺህ የሚቆጠር ሰው እንደፈጀ፣ በዓመቱ ጎንደር ላይ የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ እንደተከፈተ፣ ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና ሳኒታሪያኑ በአንድ ቡድን ገጠር እንዲወጡ ተብሎ እንደተሠለጠኑ። ሰሚዬ በትሕትና ራሱን ይነቀንቅና ወደ ሻዩ ይመለሳል። አራት ፊደል ይህን ሁሉ ወሬ ያሳጥርልኛል ብዬ ነው መንገዱን ማጠያየቅ የጀመርኩት።

መንገዱ አንድ አይደለም። ፋኩልቲውን እ.ኤ.አ. በ1972 ያቋቋሙት የለንደን፣ የኤዲንብራና የግላስጎው ንጉሣዊ የሐኪሞች ኮሌጆች ናቸው፤ ስለዚህ ለረጅም ጊዜ የሐኪሞች ቤት ሆኖ ኖረ። ውሎ አድሮ ግን ንጹሕ ውኃን፣ መኖሪያ ቤትን፣ ትምባሆንና የልጆችን ምሳ ሐኪም ብቻውን አይወጣቸውም የሚለው ክርክር አሸነፈ። እ.ኤ.አ. ከ2000 ወዲህ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነርሱም፣ ኢኮኖሚስቱም፣ የስታቲስቲክስ ባለሙያውም፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያውም በዚያው ፈተና፣ በዚያው ደረጃ መግባት ጀመሩ። ይህ ባይሆን ኖሮ እኔን መሰሉ ጥያቄውንም ባላነሣ ነበር።

ዋናው መንገድ ሥልጠና ነው። በዓመት አንድ ጊዜ በመላ አገሪቱ ውድድር ይደረጋል፤ ሐኪሙም ሐኪም ያልሆነውም በአንድነት ይወዳደራሉ፤ ከአመልካቹ ጋር ሲተያይ ቦታው ጥቂት ነው። ሥልጠናው ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመት ይፈጃል፤ የማስተርሱ ዓመት በዚያው ውስጥ ነው። በመካከሉ ሁለት ፈተና አለ። የመጀመሪያው የጽሑፍ ሲሆን ኤፒዲሚዮሎጂ፣ ስታቲስቲክስ፣ የጤና ኢኮኖሚክስ፣ በሽታ መከላከልና የጥናት ጽሑፍ መተቸት ይጠየቃል። ሁለተኛው በቃል ነው፤ ተፈታኙ የተሰጠውን መረጃ በጥቂት ደቂቃ አንብቦ ጋዜጠኛ ወይም የምክር ቤት አባል ወይም የተቆጣ ነዋሪ መስሎ ለሚጠብቀው ሰው፣ ሳያስፈራራም ሳይሸነግልም ማስረዳት አለበት። ሁለቱን ያለፈ ለአባልነት ይበቃል። ሥልጠናውን ሲፈጽም ደግሞ ሐኪም ከሆነ በጠቅላላ የሕክምና ምክር ቤቱ የስፔሻሊስቶች መዝገብ፣ ሐኪም ካልሆነ እ.ኤ.አ. በ2003 በተቋቋመው የዩናይትድ ኪንግደም የኅብረተሰብ ጤና መዝገብ ስሙ ይሰፍራል።

ማኅበሩና መዝገቡ የተለያዩ መሆናቸውን ብዙ ሰው አይለይም፤ እኔም ቆይቼ ነው የለየሁት። ማኅበሩ መመዘኛ ያወጣል፣ ይፈትናል፣ ባለሙያውን ወክሎ ለመንግሥትና ለሕዝብ ይናገራል። መዝገቡ የቆመው ለነዋሪው ነው፤ ማንም ሰው የባለሙያውን ስም ፈልጎ የተመዘገበ መሆኑን ማየት ይችላል፤ ቅሬታ ካለውም አቤት ይልበታል። አባል ሆኖ አለመመዝገብ ይቻላል፤ ተመዝግቦም አባል አለመሆን ይቻላል።

ከሥልጠናው ሌላ፣ በከፍተኛ ኃላፊነት ላይ ዓመታት የሠራ ሰው የሠራውን በማስረጃ አስደግፎ ለስፔሻሊስትነት የሚመዘንበት የፖርትፎሊዮ መንገድ አለ። ከዚያ ዝቅ ብሎ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በእንደኔ ዓይነቱ ሥራ ላይ ላሉ፣ ማለትም ማጨስ ለማቆም ለሚያማክሩ፣ ክትባት ለሚያስተባብሩ፣ የሠፈር የጤና ፕሮግራም ለሚመሩ ሰዎች፣ የተግባር ባለሙያ ምዝገባ ተከፍቷል። ፋኩልቲውም ለእነዚህ፣ ለተማሪዎችና ከሌላ ሙያ ለሚመጡ ወዳጆች የተለያየ የአባልነት ደረጃ አለው። የክብር አባልነትም አለ፤ እሱ ማመልከቻ የለውም፣ ሲሰጡህ መቀበል ነው።

የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ልጅ የሚያሳድግ ሰው ሥራውን ትቶ ለጥቂት ቦታ ውድድር አይገባም። የተግባር ባለሙያውን ምዝገባ መረጥኩ። የተሠራ ሥራ ይቆጥራል አሉኝ፤ እኔ ደግሞ የተሠራ ሥራ አላጣም።

አካሄዱ እንዲህ ነው። የተዘረዘሩ መመዘኛዎች አሉ። ለእያንዳንዱ ማወቅህን፣ የገባህ መሆኑንና በተግባር ማዋልህን ማሳየት አለብህ። ስለሠራኸው አንድ ሥራ ሐተታ ትጽፋለህ፤ ማስረጃ ታያይዛለህ፤ በሙያው የሠለጠነ መዛኝ መስመር በመስመር ያነባል፤ የጎደለውን ጠይቆ ይመልስልሃል። በመጨረሻ አረጋጋጮች የመዛኙን ፍርድ ራሱን ያያሉ።

ለመጀመሪያው ሐተታ የመረጥኩት የምኮራበትን ሥራ ነው። 2009 ዓ.ም. ላይ አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) በየቦታው በተነሣበት ጊዜ እኔ አማራ ክልል ውስጥ ወረዳ ላይ ነበርኩ። አንድ የጠበል ቦታ ላይ ታማሚ በዛ። ጠበሉ ከገደል ሥር ይወርዳል፤ ለንግሥ የመጣው ምዕመን በላስቲክና በቅጠል ዳስ ሠርቶ ወንዙን ይዞ ሰፍሯል፤ መጸዳጃ የለም፤ ምግብ የሚሠራበትም የሚጠጣውም ውኃ የሚቀዳው ከዚያው ወንዝ ነው። ከበላይ የመጣው መመሪያ አጭር ነበር፤ ውኃውን በክሎሪን አክሙ። የደብሩ አስተዳዳሪ ጉዳዩን ሰምተው ኖሮ ገና ከመኪና ሳንወርድ «ጠበሉ ላይ መድኃኒት የሚጨምር እጅ አላይም» አሉን። አብረውኝ የነበሩት ፖሊስ ይጠራ አሉ። እኔ «አባታችን፣ ጠበሉን አንነካም። ሰው ለምግብ የሚቀዳውን የወንዝ ውኃ እናክም፤ መጸዳጃውንም ከጠበሉ በታች እንቆፍር፤ እርስዎ ብቻ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ ይንገሩልን» አልኳቸው። ጥቂት ዝም ብለው «እሱ ሌላ ነገር ነው» አሉ። ተናገሩልን። ጎልማሶቹ ራሳቸው ቆፈሩ። ታማሚ ቀነሰ። «ወረርሽኙ በቁጥጥር ሥር ውሏል» የሚል ሪፖርት ላክን።

ይህንን በሚያምር እንግሊዝኛ ጻፍኩት። ለማስረጃ ወረዳውን የድጋፍ ደብዳቤ ጠየቅሁ፤ ወንድሜ ተመላልሶ አስጻፈልኝ። ክብ ማኅተም፣ ቲተር፣ የወጪ ቁጥር፣ ሁሉም ተሟልቷል። ደብዳቤው «በሥራቸው ታታሪ፣ በሥነ ምግባራቸው ምስጉን፣ ከሠራተኛው ጋር ተግባብተው የሚሠሩ ነበሩ» ይላል። አገር ቤት ይህን የያዘ ሰው የማይገባበት መሥሪያ ቤት የለም።

መዛኟ በዕድሜ እናቴ የሚሆኑ ስኮትላንዳዊት ናቸው፤ ዕድሜያቸውን በጤና ጥበቃ ሥራ የፈጁ። ሐተታዬ ሲመለስ ከደብዳቤው ጎን የጻፉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ጥሩ ሰው መሆንህን አምኛለሁ። ምን እንደሠራህ ግን አልነገረኝም።» ከሐተታው ጎን ደግሞ ጥያቄዎች ደርድረዋል። ጠበሉን ላለመንካት የወሰነው ማን ነው? ፖሊስ መጥራቱን ለምን ተውከው? መጸዳጃው ከወንዙ ምን ያህል ይርቅ ነበር፣ ርቀቱንስ በምን ወሰንክ? በመጨረሻው አንቀጽ፣ ታማሚው ቀነሰ ካልኩበት መስመር አጠገብ፣ አንድ አጭር ጥያቄ፦ በሥራችሁ ምክንያት መሆኑን በምን አወቅህ?

ሌሎቹን መመለስ ይቻል ነበር። ይህኛው አናደደኝ። በዚያ ሙቀት፣ በዚያ ጭንቅ ያልነበረ ሰው ሞቅ ያለ ቢሮ ተቀምጦ የሚጠይቀው ጥያቄ መሰለኝ። ንዴቴ ሲበርድ የድሮ ስልኬን ፈለግሁ። የታማሚዎችን ዝርዝር የያዝንበትን ደብተር ገጽ በገጽ ፎቶ አንሥቼው ነበር። ስም ስሙን ትቼ፣ ሕመሙ የጀመራቸውን ቀን ብቻ እያወጣሁ በካሬ ወረቀት ላይ ቆጠርኩ። በእያንዳንዱ ቀን ላይ ለአንድ ታማሚ አንድ ካሬ እያጠቆርኩ ስሄድ የሥዕሉ ጫፍ የወጣው በንግሡ ዋዜማ ላይ ነው። ከንግሡ ማግስት ጀምሮ ካሬዎቹ እየሳሱ ሄዱ። ክሎሪኑ ከዞን የደረሰው፣ ቁፋሮውም ያለቀው ከዚያ በኋላ ነው። በንግሡ ማግስት የሆነው ሌላ ነገር ነበር፤ ሰው ወደየአገሩ መመለስ ጀምሯል።

ስለዚህ ታማሚው የቀነሰው በእኛ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ ሰው ስለተበተነም ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱም ሊሆን ይችላል። ከዚህ ወረቀት ላይ መለየት አልቻልኩም።

ይህን ጊዜ ነው እንግሊዛዊውን ሐኪም ጆን ስኖውን እንደገና ያነበብኩት። ጎንደር ሳለን የኤፒዲሚዮሎጂ ትምህርት የሚጀምረው በእሱ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1854 ለንደን ውስጥ ሶሆ በሚባለው ሠፈር ኮሌራ ሲነሣ፣ የሟቾችን ቤት እያጣራ የብሮድ ስትሪትን የውኃ ፓምፕ ጠረጠረ፤ ሴፕቴምበር 8 ቀን የፓምፑ እጀታ ተነቀለ፤ ወረርሽኙ ቆመ። እኛ ለፈተና የሸመደድነው ይህንን ነው። ስኖው ራሱ በማግስቱ ዓመት ባሳተመው መጽሐፍ የጻፈው ግን ከዚህ የበለጠ ጥንቃቄ ያለበት ነው። እጀታው ከመነቀሉ በፊት ብዙ ነዋሪ ሠፈሩን ጥሎ ሸሽቷል፤ የሚታመመውም ሰው አስቀድሞ ቀንሷል፤ ስለዚህ ፓምፑ ሲዘጋ የፓምፑ ጉድጓድ የኮሌራውን መርዝ ገና ይዞ ነበር ወይስ ውኃው አስቀድሞ ነጽቶ ነበር ብሎ መፍረድ እንደማይቻል ራሱ አምኗል። በዓለም ሁሉ የሚነገርለትን ድል ባለቤቱ አልወሰደውም። የጸናለት ነገር ሌላ ነው፤ የታመሙት ከየትኛው ውኃ እንደጠጡ ቤት ለቤት ጠይቆ ያሳየው ማስረጃ።

ሌላም ያልተማርኩት ነገር አገኘሁ። ሄንሪ ዋይትሄድ የሚባል የዚያው ሠፈር ቄስ ነበር። የስኖው ሐሳብ አልተዋጠለትም፤ ሊያፈርሰው ተነሣ። ምዕመናኑን በየቤታቸው ያውቃቸዋልና ስኖው ያልደረሰባቸውን ሰዎች ሳይቀር ጠየቀ። ሲጠይቅ ሲጠይቅ ከፓምፑ አጠገብ ባለው ቤት ቁጥር 40 የታመመች ሕፃን ላይ ደረሰ፤ የጨርቋ እጣቢ የተደፋው ከጉድጓዱ ጎን ባለ የቆሻሻ ማጠራቀሚያ ነበር። ሊያፈርስ የተነሣው ቄስ ለስኖው የጎደለውን ማስረጃ አመጣለት። የእኛ ደብር አስተዳዳሪ ትዝ አሉኝ። እኔ እሳቸውን ያየኋቸው እሺ ማሰኘት እንዳለብኝ ሰው ነው። ምዕመኑ መቼ እንደመጣ፣ ከየት እንደመጣ፣ መቼ እንደተበተነ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ ግን አልነበረም፤ አንድም ቀን አልጠየቅኋቸውም።

ሐተታውን እንደ አዲስ ጻፍኩት። ወረርሽኙን አቆምን የሚለው ወጣ። በምትኩ፣ ከካህናቱ ጋር ጸብ ቢፈጠር ሰው ታማሚውን ይደብቃል ብዬ መፍራቴን፤ በዚህ ምክንያት ጠበሉን ትቼ የወንዙን ውኃ መምረጤን፤ ይህ ምርጫ አደጋውን ሙሉ በሙሉ እንደማያስወግድ አውቄ መግባቴን፤ የታማሚው ቁጥር ሥራችን ሳያልቅ ማሽቆልቆል መጀመሩን፤ ስለዚህ ልመሰክርለት የምችለው ሕዝቡ መጸዳጃውን መጠቀሙን እንጂ ወረርሽኙ በእኛ መቆሙን አለመሆኑን ጻፍኩ። የካሬ ወረቀቱን አያያዝኩ። ከመጀመሪያው ያነሰ ጀግንነት ያለበት ጽሑፍ ነው። ያለፈው እሱ ነው። መዛኟ ከጎኑ «አሁን ሥራህን አየሁት» ብለው ጻፉ።

ከዚያ ወዲህ ያ ጥያቄ ቢሮ ድረስ ተከትሎኝ ሄዷል። ኮቪድ ክትባት በተጀመረ ጊዜ ለንደን ባሉ የኢትዮጵያና የኤርትራ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶች ከካህናትና ከሼሆች ጋር እየተቀመጥን ሰዉ የሚጠራጠረውን እንሰማ፣ የምናውቀውን እንነግር ነበር። ከስብሰባዎቹ በኋላ የተከተበው ሰው በዛ። ባልደረባዬ ለኃላፊዎች በምታቀርበው ሪፖርት ላይ «ስብሰባዎቻችን የተከታቢውን ቁጥር አሳደጉ» ብላ ጽፋ እንድፈርም ሰጠችኝ። ያን ጊዜ ክትባቱ ከአረጋውያን ጀምሮ በዕድሜ ደረጃ ወደ ታች እየወረደ ነበር፤ በየጊዜው አዲስ የዕድሜ ክልል ሲፈቀድ ቁጥሩ ያለ እኛም ይጨምራል። «በምን አወቅን?» አልኳት። ፊቷ ቅጭም አለ፤ የእኔም ፊት እንዲያ ብሎ እንደነበር አውቃለሁ። ቁጥሩን በዕድሜ ከፍለን ስብሰባ ካልተደረገባቸው ሠፈሮች ጋር አስተያየነው። ልዩነቱ ከጠበቅነው ያነሰ ሆነ፤ ከመካከለኛ ዕድሜ በላይ ባሉት ሴቶች ላይ ግን ጎልቶ ታየ። ለቀጣዩ ዙር ያለንን ጊዜ ለእነሱ ያዋልነው ከዚህ ተነሥተን ነው።

ፊደሎቹን በተመለከተ፣ ስሜ መዝገቡ ላይ ወጥቷል፤ ፋኩልቲውም በተግባር ባለሙያነት ተቀብሎኛል። አሁን ለጽሑፍ ፈተናው አነባለሁ። ጤና መኮንን ምን ማለት እንደሆነ ዛሬም እተርካለሁ፤ ወሬውን ያሳጠረልኝ ነገር የለም። ፈተናውን የምፈልገው የጤና ኢኮኖሚክስ ጥያቄ ሲመጣ ከስብሰባ ላይ ዝም ብዬ መውጣት ስለሰለቸኝ ነው። ፖርትፎሊዮው የሠራሁትን ጠየቀኝ፤ ፈተናው ያላወቅሁትን ይጠይቀኛል። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ይህን ስል አገር ቤት ያላችሁ ወገኖች እኛን አይመለከትም እንዳትሉ። የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና አጠባበቅ ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1989 ጀምሮ አለ፤ በየዓመቱ ጉባኤ ያደርጋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ዓለም አቀፉን የኅብረተሰብ ጤና ጉባኤ አዲስ አበባ ላይ ያስተናገደውም እሱ ነው። በእኔ ጊዜ ብዙዎቻችን አባልነትን የምናስበው ጉባኤ በመጣ ሰሞን ነበር። ከጉባኤው ግን ትልቁ ነገር መሰብሰቡ አይደለም። የወረዳችሁን ሥራ በአሥር ደቂቃ አቅርባችሁ ከማታውቁት ባለሙያ ጥያቄ መቀበላችሁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው የመስክ ኤፒዲሚዮሎጂ ሥልጠናም ሠልጣኙን ወረርሽኝ ወዳለበት ልኮ፣ ሲመለስ ስላደረገው ምርመራ ያስጠይቀዋል። የሙያ ፈቃድ ማሳደስ የመንግሥት ግዴታ ስለሆነ ሁላችንም እናሳድሳለን። ሥራችንን ለሌላ ባለሙያ ዓይን እንድናቀርብ ግን ማንም አያስገድደንም፤ ስለዚህም እናሳልፈዋለን።

ከአገር ልትወጡ የምታስቡም፣ ወጥታችሁ በአረጋውያን መጦሪያ ወይም በመጋዘን የምትሠሩ ጤና መኮንኖችና ነርሶችም ትደውሉልኛላችሁ። «የቱ መንገድ ይቀላል?» ነው የሁላችሁም ጥያቄ። ቀላሉ ክፍያ ብቻ የሚጠይቀው ደረጃ ነው፤ እሱም አይናቅም፤ ትምህርቱን፣ ስብሰባውንና ሰዉን ያስገኛል። የሚያሳድገው ግን ሥራችሁን የሚመረምረው ነው። ለዚያ ደግሞ ዝግጅቱ ለንደን ወይም ዋሽንግተን ስትደርሱ አይጀመርም፤ አሁን ያላችሁበት ጤና ጣቢያ ላይ ነው የሚጀመረው። የታማሚዎች ዝርዝር ስትይዙ ስም የሌለበትን፣ ቀንና ቦታ ያለበትን ማጠቃለያ ለራሳችሁ አስቀሩ፤ የመሥሪያ ቤቱን ፈቃድ ጠይቃችሁ። የድጋፍ ደብዳቤ ስታስጽፉ ታታሪነታችሁን ትታችሁ የሠራችሁትን እንዲጽፉላችሁ ለምኑ፤ ማኅተሙ ከዚያ በኋላ ይምጣ። በየሥራው ማግስት አንድ ገጽ ጻፉ፤ ምን ወሰንን፣ ማን ወሰነ፣ ምን ሌላ አማራጭ ነበር፣ ለምን ተውነው፣ መሥራቱን በምን እናውቃለን። የመጨረሻዋ መስመር ባዶ ብትሆን ባዶነቷን ጻፉ። ቆይቶ የሚጠይቃችሁ ሰው ባዶዋን መስመር ይቅር ይላል፤ ያለ ማስረጃ የተሞላችውን ግን አያልፋትም።